ሰባቱ ከዞብል ጫፍ ላይ

ከሮቢት በስተምሥራቅ ወዳለው ሜዳ የወረድኩት ለሥራ ነበር። በፀሐይ ኃይል ስለሚሠሩ የውሃ ፓምፖች አጭር ዘገባ እንድሠራ ተልኬ፤ ሁለት ገበሬ፣ አንድ ባለሙያ፣ ጥቂት ፎቶ። ሌሊቱን በመኪና ስላደርኩ ጭንቅላቴ ከብዶኛል። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ አቧራው ውስጥ ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለባጃጁ ሞተሩን ሲያጠፋ ሽታው መጣ። ለብዙ ቀን ተሰነጣጥቆ የቆየ ጥቁር መሬት የመጀመሪያውን ውሃ ሲጠጣ የሚሸተው ሽታ ነው። አዲስ ሸክላ ውሃ ሲገባበት የሚሸተውን ይመስላል፤ ከሥሩ ትንሽ ብረት፣ ትንሽ የበሰበሰ አገዳ አለበት። አንድ ሰው ቦይ ከፍቶ ማሽላው ውስጥ ውሃ ለቅቋል።

ያደግኩት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ሽታውን ለዓመታት ሳላስበው የኖርኩት ረስቼው ሳይሆን ማሰብ ስላልፈለግኩ ነው።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ወጣ። ማሽላው ቁመቱን ጨርሶ ራሱን ማውጣት ሲጀምር ሰማዩ ነጣ። አባቴ በዚያ ዓመት ሥራ ፍለጋ ወደ አሳይታ ወርዶ ስለነበር እርሻው የቀረው ለእናቴ፣ ለአያቴና ለእኔ ነው። ተስፋችን ጎሊና ወንዝ ብቻ ነበር። ወንዙ ከደጋው ወርዶ ሜዳችንን አቋርጦ ወደ አፋር ያልፋል፤ በመስከረም ግን ከጎርፉ የቀረችው ውሃ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አትበቃም። ስለዚህ ቀን ቀን ለሰውና ለከብት ትተዋለች፤ ሌሊት ደግሞ ለማሽላው ትጠለፋለች።

ቦዮቹ ሁለት ነበሩ፤ የላይ ቦይና የታች ቦይ። የእኛ ማሳ ከታች ቦይ ነው። ውሃውን የሚያካፍለው፣ የውሃ አባት የሚባለው፣ አያቴ ነበር። ሰዎች አያ ይመር ይሉታል፤ እኔ አባባ እለዋለሁ። ሰዓት አልነበረውም። የሚለካው ሰባቱ በምንላቸው፣ በአንድ ላይ ተጠጋግተው በሚታዩት ትንንሽ ከዋክብት ነበር። አንዳንዴ በጥንቱ ኦሮምኛ ቡሳን ይላቸዋል። እኔ ስቆጥራቸው ሁልጊዜ ስድስት ናቸው።

«ሰባተኛዋስ የት አለች አባባ?»

«ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ተራዋ ነው።»

አሠራሩ ቀላል ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው ለአንዱ ቦይ ይለቀቃል። ሰባቱ በምሥራቅ በኩል ከዞብል ተራራ ጀርባ ይወጣሉ። ክንድን ዘርግቶ ከተራራው ጫፍ በላይ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ሲሉ አባባ በረጅሙ ያፏጫል። ያኔ የአንዱ ቦይ አፍ በጭቃና በቅርንጫፍ ይዘጋል፤ የሌላው በዶማ ይከፈታል፤ ሁለተኛው ቦይ እስኪነጋ ይጠጣል። በማግስቱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ትናንት ከምሽት ጀምሮ የጠጣው ዛሬ የኋለኛውን ተራ ይወስዳል። ለምን በየቀኑ እንደሚገለበጥ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅኩም። ሲሠራበት የኖረ ነገር ነበር።

እናቴ በተራችን አካፋ ይዛ ውሃውን በየትልሙ ትመራለች። እኔ ፋኖስ እይዛለሁ። ውሃው ጨለማው ውስጥ ሲመጣ መጀመሪያ አይታይም፤ ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ነው የሚታወቀው። ከዚያ እግሬ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ያ ሽታ።

መምህር ታደለ በዚያ ዓመት ከደሴ የመጣ የሳይንስ መምህራችን ነበር። ቀጭን ነው፤ ኮቱ በጠመኔ የነጣ። አንድ ቀን ከክፍል አስወጥቶ አጥሩ ሥር አሰለፈንና አስፋልቱን አሳየን።

«ከዚህ ወደ ሰሜን ማን አለ?»

«ቆቦ!»

«ወደ ደቡብስ?»

«ጎብዬ!»

«መሃል ለመሃሉስ?»

«ማሽላ!»

ሳቀ። ሰማዩም እንዲሁ ነው አለን። አንድ ኮከብ አንድ ቤት ነው እንበል፤ ፀሐያችንም አንድ ቤት ናት። ቤቶች ተሰብስበው ከተማ እንደሚሆኑ ከዋክብትም ተሰብስበው ጋላክሲ ይሆናሉ፤ የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ጋላክሲዎችም ብቻቸውን አይኖሩም። እርስ በርስ ተሳስበው ቡድን ይሠራሉ፤ ቡድኖቹ ተያይዘው አስፋልት ዳር እንዳሉ ከተሞች በረጃጅም መስመር ይደረደራሉ። በመስመሮቹ መካከል ምንም የሌለበት ሰፊ ባዶ አለ።

«ማሽላም የለም?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ማሽላም የለም።»

እኔ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። ባዶው ውሃ ያልደረሰው መሬት ነው፤ መስመሮቹ ቦዮች ናቸው። የዚያ ሁሉ ቦይ የውሃ አባት ማን እንደሆነ ልጠይቅ እጄን አነሳሁ። መምህሩ ግን ወደ ሌላ ነገር አልፎ ነበር። «ተጠንቀቁ» አለ፣ «ጎን ለጎን የሚታዩ ከዋክብት ሁሉ ጎረቤት አይደሉም። ማታ የወፍጮ ቤቱ አምፖልና ዞብል ላይ የሚነድ እሳት ተጣብቀው ይታዩ የለም? በመካከላቸው ስንት ሰዓት መንገድ አለ? ብዙዎቹም እንደዚያው ናቸው።»

«ብዙዎቹ» ብሏል። እኔ ይዤ የሄድኩት «ሁሉም» ብዬ ነው።

በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የሁለቱ ቦዮች ሰዎች ከመስጊዱ ወረድ ብላ ባለች ቁርቁራ ዛፍ ሥር ስለ ውሃው ይነጋገራሉ። ሴቶችም ይመጣሉ፤ እናቴ በአባቴ ፋንታ ትቀመጣለች። የዚያ ቦታ ልማድ አንድ ነው። እዚያ የተነገረ ቃል የሚመለሰው እዚያው ነው። የተናገረው ሰው ራሱ ቆሞ «መልሼዋለሁ» ይላል፤ ሰዎቹ «ሰምተናል» ይላሉ፤ ነገሩ ያልቃል። ቤት ለቤት ይቅርታ መጠየቅ፣ ሰው መላክ፣ አይሠራም።

ከዚያ ትምህርት በኋላ በመጣው ዓርብ ለሰዎቹ ውሃ ላቀርብ ቆሜ ነበር። የላይ ቦዩ አያ ሁሴን ተነሳ። ትልቅ ድምፅ ያለው፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ነው። ወንድሙ ከጅዳ የላከለት ሰዓት በእጁ ላይ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ቁጥሯ የሚያበራ።

«አያ ይመር» አለ፣ «ትናንት ሌሊት ደመና ነበር። ሰባቱን በየት በኩል አዩዋቸው?»

«በደመናው ቀዳዳ።»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ለእርስዎ ብቻ የምትከፈት ቀዳዳ ናት?»

አሁን የባሰ ሳቁ። አባባም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ሁሴን፣ ሰባቱ አይዋሹም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። አያቴም በእነሱ አካፍሏል» አለ።

እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ ተናገርኩ። አባባን ላሳፍረው አልፈለግኩም። የማውቀውን ነገር ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በዚያ ዕድሜዬ ዕውቀት እንደዚያ ያደርገኝ ነበር።

«አባባ፣ አብረው አይደሉም። መምህራችን ነግሮናል። ከዚህ ስናያቸው ነው አብረው የሚመስሉት። አንዱ ቅርብ ነው፣ አንዱ በጣም ሩቅ ነው። አይተዋወቁም።»

አያ ሁሴን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«የማን ልጅ ናት ይቺ?»

«የእኔ» አለች እናቴ።

«ወላሂ ጎበዝ ናት! አያ ይመር፣ የገዛ ልጅዎ መሰከረችብዎ እኮ። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ነገሮች ለእኛ ውሃ ያካፍላሉ?» እጁን አንስቶ ሰዓቷን አሳየ። «እቺ ደመና አትልም፣ ጨረቃ አትልም። ከአሥራ ሁለት እስከ ስድስት የታች ቦይ፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት የላይ ቦይ። እኩል በእኩል። መገላበጥም አያስፈልግም። ሰው እንቅልፉን በሰዓቱ ይተኛ።»

ሁሉም ደክሟቸው ነበር። እኩል በእኩል ሲባል የሚቃወም አልተገኘም። አባባ ዱላውን ይዞ ተነሳ። «ልጅቷ ተምራለች፤ እኔ አልተማርኩም» አለ። ዱአ ተደረገና ተበተኑ።

በመንገድ ላይ አልተቆጣኝም። ጥንቅሽ ሰብሮ ሰጠኝ። ልጣጩን በጥርሴ ስገፍ ከንፈሬን ቆረጠኝ፤ ጣፋጩ ውሃና ደሙ አፌ ውስጥ ተቀላቀሉ። አባባ ኮርቶብኛል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ የሚያፏጨው አያ ሁሴን ሆነ። ሁልጊዜ ከምሽት ጀምሮ ተራው የእኛ ነው፤ ፉጨቱ ሲሰማ ቦያችን ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ውሃው የማሳችን ጫፍ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ከጫፉ በፊት ያለው ትልም ላይ ቀረ። ከዚያ ከዚያም በፊት ባለው። እናቴ በአካፋው ላይ ተደግፋ፣ «ሌሊቱ አጠረ እንዴ?» ትላለች። ስድስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው እላታለሁ። ሰዓት ማንበብ የተማርኩት እኔ ነኛ።

በየሌሊቱ ፉጨቱ ሲሰማ አባባ ቀና ብሎ ወደ ዞብል ያይ ነበር። ክንዱን ይዘረጋል፤ በጭብጡ ይለካል። «እህ» ይላል። በማግስቱም ያያል፤ ይለካል፤ «እህ»። ሥራውን ናፍቆ መሰለኝ። ሽማግሌ ሰው የለመደው ነገር አይለቀውም ብዬ አዘንኩለት።

ጥቅምት አጋማሽ አልፎ የጫፉ ማሽላ መጠውለግ ጀመረ። ራሱን አውጥቷል፤ ፍሬ ግን አልቋጠረም። ሲጨብጡት ባዶ ነው፤ መዳፍ ላይ ገለባ ብቻ ይቀራል።

በዚያው ሰሞን መምህር ታደለ አንድ የቆየ የሥዕል መጽሐፍ ክፍል ይዞ መጣ። ገጾቹን እየገለጠ ሲያሳየን ሰባቱን አየኋቸው። በሥዕሉ ላይ ሰባት ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ናቸው፤ በሰማያዊ ጭጋግ ተጠቅልለዋል።

«እነዚህ እንኳን በእውነት አብረው ናቸው» አለ። «ከአንድ ደመና አብረው ተወለዱ፤ አሁንም አብረው ይጓዛሉ። ጋላክሲያችን ውስጥ እንደ አንድ ሰፈር ልጆች ናቸው።»

ጆሮዬ ጋለ። «መምህር፣ አብረው የሚታዩት አብረው አይደሉም ብለውን አልነበር?»

«ብዙዎቹ ነው ያልኩት። ሁሉም አላልኩም። ምነው?»

«ምንም።»

ማታ ለአባባ ነገርኩት። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት።

«አብሽሪ» አለ። «አብረው ናቸው ማለት ነው?»

«አብረው ናቸው። ተሳስቼ ነው።»

«አውቃለሁ።» መጥረቡን ቀጠለ። «ለእኔ አይደለም የምትነግሪኝ። የት ነው የተናገርሽው?»

«ቁርቁራው ሥር።»

«እንግዲያው እዚያው። እኔ ብናገር ለሥልጣኑ ነው ይሉኛል። አንቺ ካልሽ ግን ሰሚ አለው። ቃሉን መልሺው፤ ከዚያ እኔም የምናገረው አለኝ።»

የሚናገረው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዓርብ ሄድኩ። አያ ሁሴን አንድ ቀልድ ጀምሮ ሰዎቹ ይስቃሉ። ቆምኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ኑ፣ መምህራችን መጥታለች!» አለ አያ ሁሴን፤ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሚስጥር አመጣሽልን?» ሳቁ። አባባ አልሳቀም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነቀነቀልኝ፤ ቀጥይ ማለቱ ነው። ጣሳውን አንስቼ ውሃ ለማቅረብ የተነሳሁ መሰልኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ማሽላው ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። እናቴ ስትጠራኝ ሰማሁ። አባባ ግን አልጠራኝም።

ከጫፉ ማሳ ያገኘነው አገዳ ብቻ ነበር። ለከብቶቹ ሰጠነው። በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ የሆነው እርሻችን ፍሬ አልሰጠም፤ ከሰኔ በፊት ጎተራው ባዶ ሆነ። እናቴ ከዘመድ ዘመድ እህል ስትለምን ከረመች። የሌሎቹም የታች ቦይ ሰዎች እንዲሁ። አባባ በበልጉ አረፈ። ቃሌን ሳልመልስ።

አሁን ባጃጁ የቆመበት ቦታ ቁርቁራዋ አለች። አንዱ ቅርንጫፏ ተሰብሯል። ሥሯ ነጭ ጋቢ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ዱላ አለ። ለዘገባዬ የሚያናግረኝ ገበሬ አባቱ መሆናቸውን ነገረኝ፤ ስማቸውንም ነገረኝና ወደ ፓምፑ ሄደ። ወንበር አልፈለግኩም፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አያ ሁሴን፣ አወቁኝ? የአያ ይመር የልጅ ልጅ ነኝ።»

ዓይናቸው ፈዟል። ድምፄን ነው ያዳመጡት። «አንቺ የከዋክብቷ ልጅ!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ጋዜጠኛ ሆነች ብለውኝ ነበር። ዱሮም አፍሽ አያርፍም።»

ስለ ፓምፑ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው በስልኩ ሰዓት እንደሚያካፍል ነገሩኝ። ከዚያ ስለዚያች የጅዳ ሰዓት ጠየቅኳቸው፤ ጥያቄው ከዘገባው ውጭ መሆኑን አውቃለሁ።

«እሷማ» አሉ፣ «ብዙም አልሠራች። ሳምንት ሳይሞላት ባትሪዋ አለቀ። ቆቦ ወጥቼ ፈለግኩ፤ ለእሷ የሚሆን የለም። ለሰው እንዴት ልንገር? ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ?»

«ታዲያ በምን ነበር የሚያፏጩት?»

«በሰባቱ» አሉ። «በሠራችባቸው ሌሊቶች ስድስት ሰዓት ላይ ሰባቱ የት እንደሚደርሱ አይቼ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚያችው ሲደርሱ፣ ስድስት ሆነ እላለሁ። ሰው ሰዓቷን መስሎት ይዘጋል። እንደ አያ ይመር ማለት ነው፤ ምን ልዩነት አለው?»

ማስታወሻዬን ዘጋሁ። ከዋክብት በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ቀድመው ይወጣሉ፤ በወር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ይህን የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በሰባቱ የሚለካ ሰው የፊተኛውን ተራ በየሌሊቱ ትንሽ ያሳጥራል፤ የኋለኛውን ያስረዝማል። ቅደም ተከተሉን በየቀኑ ካገላበጠው ግን ጉዳቱም ጥቅሙም ለሁለቱ ይደርሳል። በዚያ ጥቅምት የፊተኛው ተራ ሁልጊዜ የእኛ ነበር።

ይህን ቀስ ብዬ፣ ደጋግሜ ነገርኳቸው። በመጨረሻ ዱላቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«አያ ይመር የሚያገላብጠው ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«በየሌሊቱ ፉጨትዎን ሲሰማ ሰባቱን ይለካ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያገኛቸው ነበር፤ በሰዓት ቢሆን ኖሮ በየሌሊቱ ከፍ ብለው ይታዩ ነበር። ያወቀ ይመስለኛል። ቃሌን እስክመልስ ነበር የሚጠብቀው።»

ከማሽላው ውስጥ ያ ሽታ ይመጣል። ልጃቸው ፓምፑን አጥፍቶ ወደ እኛ ሲመለስ ይታየኛል። ደክሞኛል፤ ገና ፎቶ አላነሳሁም።

«ከዚያ ጊዜ ሰዎች ማን ቀርቷል?» አልኳቸው።

«ማንም። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።»

ተነሳሁ። አቧራዬን አራገፍኩ። ዕድሜዬ ለዚህ ነገር እንደማይመች ተሰማኝ፤ ቢሆንም ቆምኩ።

«እዚህ ቦታ ላይ ሰባቱ አብረው አይደሉም ብዬ ነበር» አልኩ። «አብረው ናቸው። ተሳስቼ ነው። ቃሌን መልሼዋለሁ።»

አያ ሁሴን ዱላቸውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ ተነሱ። ለመቆም ጊዜ ወሰደባቸው። ዙሪያቸውን፣ ማንም ያልተቀመጠበትን መሬት አዩ።

«ሰምተናል» አሉ።